ትርንጎ ተኝታለች

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቃል በቃል እንዲያ ሆኗል ብዬ አልምልም። ዕለቱን ሳስታውስ ዝናብ ይታየኛል፤ የእህቴ ባል ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደ ነበር ይናገራል፤ እሱ ገበሬም ካህንም ስለሆነ በሰማይ ነገር ከእኔ ይልቅ እሱን ማመን ይሻላል። ሐኪሙ ተናገረው እያልሁ ስንት ጊዜ ያወራሁትን አንድ ንግግር፣ ቆይቼ ሳሰላስለው የመድኃኒት ተቆጣጣሪዋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ታሪክ ተምሬ ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ምስክር ሳይዋሽ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ኖሬ፣ ራሴ ምስክር ስሆን ከሌላው የተሻልሁ ሆኜ አልተገኘሁም። ስለዚህ የሰዎቹን ንግግር የማቀርበው እንደሚመስለኝ አድርጌ ነው፤ ስማቸውንም ለውጬዋለሁ። አንዱን ነገር ግን አጣርቼዋለሁ። የእሱ ቦታ መጨረሻው ላይ ነው።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቢቸና በአስተማሪነት ከተቀጠርሁ ብዙም አልቆየሁም። ከዕድሜዬም ከትምህርቴም የመጣ አንድ እምነት ነበረኝ፦ ለማንኛውም ጥያቄ መልሱን የሚያውቅ ሰው የሆነ ቦታ አለ፤ ድካሙ ያን ሰው ፈልጎ እስኪያገኙት ነው። መሬት ቢያከራክር ዳኛ፣ ድልድይ ቢሰነጠቅ መሐንዲስ፣ ሰው ቢታመም ሐኪም። ሁለት አዋቂዎች፣ ሁለቱም እውነት ይዘው፣ በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ሊቆሙ ይችላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትርንጎ ታናሽ እህቴ ናት። የሚጥል በሽታ የጀመራት በልጅነቷ ነው። ጠበል ተጠምቃለች፤ ክኒን በክኒን ተለዋውጦላታል፤ በሽታው ግን በፈለገበት ቦታ ይጥላት ነበር። አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ጥሏት ግራ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ እናታችን እሳት አጠገብ ብቻዋን አትተዋትም፤ ወንዝም ብቻዋን አትልካትም። ነገሩ የተለወጠው ሞጣ በሚሠራ አንድ ሐኪም እጅ ስትገባ ነው። ዶክተር ፈንታሁን የጀመረላት ክኒን ሕመሙን ያዘላት። ሳትወድቅ ዓመታት ቆየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና ገበያ የጥለት ክር መሸጥ ጀመረች፤ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ገበያተኛው እሷን ሳይጠይቅ አይገዛም ነበር። ቀጥላም ቄስ ይበልጣልን አገባች። ሕመሟን ደብቀን አልዳርናትም፤ አውቆ ነው የወሰዳት። ካህን የሚያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቁርባን ያገባት ሚስቱ ብትሞትበት ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይ ክህነቱን ይተዋል። ይህን የማነሳው ኋላ በሐኪም ቤቱ ክፍል ውስጥ ምን ይዞ እንደቆመ እንድታውቁለት ነው።

የክኒኑን ስም አልጽፍም። ይህን የሚያነብ ሰው ቤት ውስጥ ክኒኑ ቢኖር፣ በእኔ ገጠመኝ የተነሳ እንዲያቆመውም፣ በገዛ ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣውም አልፈልግም። መድኃኒቱ ማሕፀን ውስጥ ያለን ፅንስ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ዶክተር ፈንታሁንም ይህን አልሸሸጋትም፤ «ለማርገዝ ስታስቢ አስቀድመሽ ነይ» ብሏት ነበር። ፅንሱ ግን ቀደማት። ባወቀ ጊዜ መጠኑን ቀነሰላት፤ ትርንጎም በተቀነሰው ሳትወድቅ እስከ አምስተኛ ወሯ ዘለቀች።

በዚያው ሰሞን ቢቸና ያለው ፋርማሲ ክኒኑ መውለድ በሚችሉ ሴቶች ላይ መታገዱን ነግሮ መለሳት። በምትኩ ሌላ ታዘዘላት። በተከታዩ ሳምንት ገበያ መካከል፣ ክሯ ላይ ወደቀች። ደግሞ ቤቷ ውስጥ ወደቀች። ቢቸና ያየን ወጣት ሐኪም አንገቱን ደፍቶ፣ «የጀመረላት ሐኪም ሞጣ ነው አይደል? እሱ ዘንድ ውሰዷት። እኔ ትእዛዙን አልፌ ልጽፍላት አልችልም፤ ካልተጻፈላት ደግሞ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ» አለን።

በማግስቱ ማለዳ ከቢቸና መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣን። ትርንጎ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ቄስ ይበልጣል ከጎኗ፣ እኔ ከኋላቸው።

«ተማሪዎችህን ለማን ትተህ መጣህ፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ ዞር ብላ።

«ለሌላ አስተማሪ።»

«ዛሬ ደስ ብሏቸው ይውላሉ በለኛ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ሳቀ። «ቄስ ጭነን ምን እንሆናለን፤ ዛሬ ትራፊክም አይነካን» አለ።

«እኔን ተማምነህ እንዳትበር ብቻ» አለው ቄስ ይበልጣል፤ «መስቀሉ ፍሬን የለውም።»

ትርንጎ በሳቋ መካከል እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ይህን በትክክል አስታውሳለሁ፤ ወይም ደጋግሜ ስላሰብሁት በትክክል የማስታውሰው ይመስለኛል።

ጉንደ ወይን ሳንደርስ ጣላት። ሾፌሩ ጥግ ያዘ። ከወዲያ ወዲህ «ክብሪት አሽቷት» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ አንዲት ሴት ክብሪት ጭራ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቄስ ይበልጣል ሴትዮዋን ሳያስቀይም እጇን በቀስታ መለሰና ትርንጎን በጎኗ አስተኛት። መንዘፍዘፉ ሲያባራ ነጠላዋን አንሥቶ ፊቷን ሸፈነ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል። የወደቀች ሴት ፊቷ ይሸፈናል፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት፣ ስትነቃም የሚያፈጥባት እንግዳ እንዳይቀበላት። ነጠላው የተጣለባት ሴት ተኝታለች ማለት ነው፤ ራሷ እስክትገልጠው ድረስ ማንም አያናግራትም። በሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ ክብሪት የጫረችውም ሳትቀር፣ ፊታቸውን ወደ መስኮት መለሱ። በክብር የተሠራ ደግ ነገር ነው። እስከ ዛሬም ደግነቱን አልክድም።

ሞጣ ሐኪም ቤት የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ዶክተር ፈንታሁን ከሩቅ አውቋት እየሳቀ መጣ፤ ቀርቦ ሲያያት ሳቁ ጠፋ። የሆነውን ነገርነው። ማዘዣውን እዚያው ቆሞ ጻፈልን። ወደ መድኃኒት ቤቱ የሄድሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው አየውና መለሰልኝ።

«አለ። ግን ጠዋት ታሽጓል። ከባሕር ዳር የመጡ ተቆጣጣሪ እዚሁ ግቢ ናቸው።»

ስመለስ ትርንጎን ለአጭር ጊዜ እንደገና ጥሏት ነበር። አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ነጠላው ፊቷ ላይ ነው። ዶክተሩ ተቆጣጣሪዋን አስጠራት። ወይዘሮ መሠረት ትባላለች፤ መድኃኒት ቀማሚ ሆና ሠርታ ወደ ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት የተዛወረች ናት። ከአነጋገራቸው እንደ ተረዳሁት ሁለቱ በተማሪነት በአንድ ግቢ ኖረዋል።

«ተኝታ ነው?» አለች እንደገባች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ተኝታለች» አለ ቄስ ይበልጣል።

ዶክተሩ ነገሩን አጠር አድርጎ ነገራትና፣ «ይህችን ሴት ሌላ መድኃኒት አይዛትም፤ ሞክሬዋለሁ» አለ።

«ምን ምን ሞከርህ?»

«እዚህ የሚገኘውን ሁሉ።»

«የማይገኘውንስ?»

«የማይገኘውን በምን ልስጣት፣ መሠረት? ስሙን እየጠራሁ ልድገምላት?»

ወይዘሮ መሠረት አልተቆጣችም። ቁጡ ሴት ብትሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። «ስማኝ ፈንታሁን» አለች፤ «አንተ የምታየው ፊትህ ያለችውን ነው። እኔ የማየው ከወለዱ በኋላ ወደ አንተ የማይመለሱትን ነው። የጀርባ አጥንቱ ሳይዘጋ የተወለደ ልጅ ታቅፋ መጥታ ‹ምን አጥፍቼ ነው?› ያለችኝ እናት አለች። አንተን አልጠየቀችህም። እኔን ነው የጠየቀችኝ።»

«ይቺ አምስተኛ ወሯ ነው። የልጁ ጀርባ ተዘግቷል። በአልትራሳውንድ አይቼዋለሁ።»

«አእምሮውስ? አእምሮ በአልትራሳውንድ ይታያል?»

 ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ፦ «እናቲቱ ከሞተች ያ አእምሮ የት ያድጋል?»



ቄስ ይበልጣል እስከዚያች ሰዓት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «እኔ የእናንተን ትምህርት አልተማርሁም» አለ፤ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሁለታችሁም የምትናገሩት እውነት ነው?»

ተያዩ። «አዎ፣ አባ» አለ ዶክተሩ። «እውነት ነው» አለች ወይዘሮ መሠረት። 

ወይዘሮ መሠረት ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ባሕር ዳር ካለው አለቃዋ ጋር ስታወራ በመስኮት ይሰማኝ ነበር፤ መስመሩ እየተቆረጠ መልሳ ትደውላለች። ተመልሳ ስትገባ ነገሩ አለቃዋ ለብቻው የሚወስነው እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለውን የሚያይ ኮሚቴ መኖሩን፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ግን በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን ነገረችን።

«እሷ እስከ ሳምንት ትጠብቅልናለቻ» አለ ዶክተሩ።

«አታላግጥብኝ። ዛሬውኑ በስልክ እንዲነጋገሩ ለምኛለሁ።»

«ማኅተሙን ክፈችውና ኃላፊነቱን እኔ ልውሰድ።»

«ዛሬ አንተ ትወስዳለህ። ነገ የሌላ ከተማ ሐኪም ‹የእኔም በሽተኛ ልዩ ናት› ይላል። እሱም እውነቱን ነው። የሁሉም በሽተኛ ልዩ ነው። ታዲያ እገዳው የወጣው ለማን ነው?»

ዶክተሩ ወደ እኛ ዞረ። «ቤተሰቦቿ እናንተ ናችሁ። ምን ትላላችሁ?»

ቄስ ይበልጣል ወደ እኔ ተመለከተ። «መምህር፣ የተማርኸው አንተ ነህ» አለ።

የክፍሉ ሰው ሁሉ የእኔን መልስ ጠበቀ። እኔም ከሁለቱ የሚያውቀው የትኛው እንደሆነ እየፈለግሁ ነበር። አእምሮዬ የለመደው ያንን ብቻ ነው። ክኒኑ ይሰጣት ብል በልጁ ላይ የምፈርድ መሰለኝ፤ ይቅርባት ብል በእህቴ ላይ። «እሷ ትንቃና…» ብዬ ጀመርሁ። ለምን እንዳልጨረስሁት አላውቅም። ወይም እንዲህ ማለቴ ራሱ ኋላ የጨመርሁት ይሆናል፤ ቄስ ይበልጣል «ምንም አላልህም፤ ጫማህን ነበር የምታየው» ይለኛል።

በዚህ መካከል ሲስተር የሺ የተባለች ነርስ የልብ ምቷን ልትለካ ገባች። የትርንጎን እጅ ይዛ ቆየች፤ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ መልሳ ሸፈነቻትና ወደ እኛ ቀና አለች። ዶክተሩ እየተናገረ ነበር። እሱ ሲያበቃ ወይዘሮ መሠረት ቀጠለች። ሲስተር የሺ ጥቂት ቆመችና ከሌላ ክፍል ስለ ጠሯት ወጣች።

ከሰዓት በኋላው በመጠበቅ አለፈ። ዶክተሩ ያለውን ሌላ መድኃኒት በመርፌ ሰጣት። ወይዘሮ መሠረት ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ሆና ትደውላለች፤ ዶክተሩ ሌሎች በሽተኞችን አይቶ ይመለሳል፤ ቄስ ይበልጣል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ነጠላው ከእስትንፋሷ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ «እንቅልፍ ደግ ነው፤ ትረፍ» ተባባልን። በሰዓቱ የተሰማኝን ልንገራችሁ፦ በመተኛቷ ተጽናንቼ ነበር። ቢያንስ ይህን ሁሉ አልሰማችም ብዬ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትልቁ መንዘፍዘፍ መጣ። እንደ ቀድሞዎቹ አልነበረም። ቆመ ስንል ሳትነቃ እንደገና ይጀምራል። ነጠላው ወለል ላይ ወደቀ፤ አንሥቶ የሸፈናት የለም። ዶክተሩ መርፌ በመርፌ ላይ ደገመ፤ ኦክስጅን ተደረገላት። እኔ እግሮቿን ይዤ ነበር፤ ያዝ ስላሉኝ እንጂ መያዜ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። በዚህ መካከል ወይዘሮ መሠረት ከክፍሉ ሮጣ ወጣች።

ስትመለስ ብልቃጡ በእጇ ነበር። ማኅተሙን ራሷ ቀድዳ፣ ፈቃድ ሳይመጣላት፣ ክኒኑን ይዛ መጥታለች። ትንፋሿ ተቆራርጦ ለዶክተሩ ዘረጋችለት።

«በምን ትዋጠው?» አላት። በቁጣ አልነበረም። የትርንጎ ጥርስ ገጥሟል።

ወይዘሮ መሠረት ብልቃጡን እንደያዘች ቆመች። ክዳኑን ከፍታው ነበር። እስኪመሽ ድረስ አልዘጋችውም።

መንዘፍዘፉ በመጨረሻ ቆመ። ትርንጎ አልሞተችም። ልጁ ግን በዚያው ሳምንት፣ እሷ ገና ሰው መለየት ሳትጀምር፣ ከማሕፀኗ ወጣ። ፈቃዱ በማግስቱ በስልክ መጥቶ ነበር። ክኒኑን ዛሬ ትውጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም። ግን ያ ረጅም መንዘፍዘፍ ይዞባት የሄደው ነገር አለ። የክሮቹ ቀለም ይምታታባታል፤ ገበያ መውጣቱን ትታዋለች። የዚያን ቀን ነገር ደግሞ ከነሰሞኑ ጠፍቶባታል። አንዳንዴ በወሬ መካከል፣ «ሞጣ ሄደን ነበር እንዴ?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። «ምን አሉን?» ትላለች። ቄስ ይበልጣል ያን ጊዜ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ደጅ ይወጣል።

አንባቢዎቼ፣ ከሁለቱ ማን ልክ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ስለ መድኃኒቱ ያገኘሁትን ሁሉ ከዚያ ወዲህ አንብቤአለሁ። እገዳው ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ እውነተኛ ልጆች ተጎድተዋል። ሐኪሙም በግትርነት አልተከራከረም፤ ፊቱ ያለችው ሴት እውነተኛ ነበረች። ሕግ አውጪ ለማያውቃት ሴት ይጠነቀቃል፤ ሐኪም ለሚያውቃት። ሁለቱ ጥንቃቄዎች ሲጋጩ ማን ይለያቸዋል የሚለውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ባነሣው ጥሩ ውይይት ይወጣዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ዶክተሩ ስለ ትርንጎ ተናገረ፣ ወይዘሮ መሠረት ስለ ትርንጎ ተናገረች፣ ባሕር ዳር ያለው አለቃ በስልክ ስለ ትርንጎ ተናገረ፣ ባሏና ወንድሟ ተጠየቁ። የተቃጠለው ክንድ የእሷ ነው፤ ሆዷም የእሷ ነበር። እሷን ያልጠየቅናት ተኝታ ስለ ነበር ነው። እንዲህ እያልሁ ራሴን ሳሳምን ኖርሁ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ያች ነርስ ነጠላውን ገልጣ ወደ እኛ ቀና ያለችበት አስተያየት ትዝ አለኝ። ትዝታዬን ስለማላምነው ሞጣ ሄድሁ። ሲስተር የሺ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራ አገኘኋት። የምፈልገውን መልስ ላለመጠቆም ተጠንቅቄ፣ ያን ቀን ያየችውን ብቻ እንድትነግረኝ ለመንኋት። ከወራት በኋላ ተመልሼ እንደ አዲስ ጠየቅኋት፤ ቃሏ አልተለወጠም።

«ዓይኗ ተከፍቶ ነበር» አለችኝ። «‹ትሰሚያለሽ?› አልኋት። ‹ሁሉንም። ሲጨርሱ ንገሪኝ፤ የምለው አለኝ› አለችኝ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ቆሜ ጠበቅሁ» አለች። «አልጨረሳችሁም ነበር።»